የሽፍታው ፒፓ ሀገር ልትጎበኝ ወጣች

ካካካካ… ቆይ፣ ቆይ እስቲ ታምሲን፣ ሽንኩርቱን ሳላሳርረው ልሳቅና ይውጣልኝ! ሆዴን እኮ ቆረጠኝ። አንቺ ደግሞ ከኔ ጋር አትሳቂ፣ ገና ምኑ ተነካና? ዋናው መጨረሻው ላይ ነው። መጨረሻውን ሳትሰሚ ከዚህ የቋሊማ ምድጃ አጠገብ ንቅንቅ የለም።

እስከዚያ መቆንጠጫውን አቀብዪኝ። አዎ፣ እሱን። ዳቦውንም ሸፈን አድርጊው፣ የከተማችንን የዋላምቢንን ዝንብ መቼም አሁን ሳትለምጂው አልቀረሽም። ሙቀቱስ እንዴት ነው ዘንድሮ! በጎቹ እንኳ ጥላ አጥተው አንዱ በአንዱ ሆድ ሥር ራሱን ሲቀብር ነው የሚውለው። የውኃ ጋንሽስ? አሁንም ያንጠባጥባል? ባሌን እልክልሻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለውም፣ አዘቦት ቀንም ብዙ የለውም።

እና ቅድም ምን አልሽኝ? ነገሩን በሳቅ አቋረጥኩብሽ። የአባትሽን የኪስ ሰዓት ለታሪክ ማኅበሩ እንድታውሺ ተጠየቅሽ? ለአንድ ፎቶ ብቻ? … እሰይ! ማን ጠየቀሽ? ተዪው፣ ስም አትጥሪ። እኔም አልጠራም። እናቴ የሰው ስም ማንሣት ኃጢአት ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለ ጠባይ ግን… ስለ ጠባይ እንኳ ምንም ያለችኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

አትዙሪ! ወደዚያ ወደ ጥላው፣ የሽፍታ ሥዕል ያለበት የወጥ ቤት ፎጣ ወደሚሸጥበት ጠረጴዛ አትዙሪ አልኩሽ። እንዲህ ጮክ ብዬ የማወራው ዘይቱ ስለሚንጫጫ ነው እንጂ፣ ማንም እንዲሰማኝ ብዬ አይደለም።

ስጪያቸው እንጂ ሰዓቱን! ምነው ታመነቺያለሽ? እንደኛ የማኅበር ሊቀ መንበር ያለ ሰው እኮ የትም ከተማ የለም። ባርኔጣቸውን አይተሽልኛል? ሰፊ፣ ጠርዙ በላብ የጠቆረ፣ የጥንት ሽፍታ ባርኔጣ። ላቡ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባርኔጣው ግን የተገዛው አምና ነው። ሲናገሩስ! «እኛ» ነው የሚሉት። «እኛ በሸፈትንበት ዘመን»፣ «ፖሊሶቹ ሲያሳድዱን»። እኔ በበኩሌ ሲሸፍቱ ያየኋቸው ከማኅበሩ ግብዣ በኋላ ሳሕን ሲታጠብ ነው። ያን ጊዜ እውነት ለመናገር ጥይትም አይደርስባቸውም።

መቼም ስለ ባርቲ ሚሃን ሳይነግሩሽ አልቀሩም። እዚህ ከተማ ስለ ባርቲ ሳትሰሚ ወተት እንኳ ገዝተሽ አትወጪም። የድሮዋ የእንግሊዝ ንግሥት ዘመን ሽፍታ ነው፤ የድኃ አይሪሽ ልጅ። የአባቱን ቁራሽ መሬት ባለብዙ በጎቹ ጌቶች ሲወስዱበት ፈረስ ሰርቆ ጫካ ገባ። ድፍን ፖሊስ አለት ለአለት ሲያስስ ኖረ፣ ጫፉን አላገኘውም። በኋላ ግን አንድ ሰው… አንድ ደግ ሰው… «እዚያ ዋሻ ውስጥ ነው» አለ። ተያዘ፣ ተሰቀለ።

ማን ነው ያለው? እኔ ምን አውቃለሁ የኔ እመቤት፣ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው። የማውቀው ያ ዓመት የድርቅ ዓመት እንደነበር ነው። በግ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ሰው ሁሉ ጓዙን በጋሪ ጭኖ ተሰደደ። በዚያ ዓመት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት የሠራ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። አዎ፣ ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለችው፣ ጽጌረዳ የተተከለባት። ዛሬም ዘራቸው ይኖርባታል፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ታታሪ ዘር! ሌላው የሞተ በግ ሲቆጥር እነሱ ድንጋይ እያለቡ ቤት ይሠራሉ። እኔ ሌላ ምንም አላልኩም። ስለ ግንበኝነት ነው የማወራው።

ሁለት ቋሊማ ነው? ሽንኩርት ይግባበት? … ይኸው፣ ተጠንቀቅ ይፋጃል፣ ሰናፍጩ እዚያ ነው። … ምን ላይ ነበርኩ?

አዎ። ድሮ እዚህ አገር የሽፍታ ዘመድ መሆን ነውር ነበር። ዛሬማ ምን አለ፣ ሁሉም ሽፍታ አያት ይፈልጋል። የሌለውም ቢሆን ተከራይቶም ተውሶም አንድ ያበጃል። የባርቲ የእውነት ሥጋ ግን አንድ ሰው ናት የቀረችው፤ የባሌ የእንጀራ አክስት ዊኒ። ዘጠናን አልፋለች። አያቷ የባርቲ ታናሽ እህት ነበረች።

ዊኒን ትምህርት ቤት ሳለች «የገመድ ዘር» ይሏት ነበር። እናቷ ደግሞ «እኛ ሌሎቹ ሚሃኖች ነን በዪ» ብላ አሳደገቻት። ሌሎቹ ሚሃኖች የሚባሉ ግን የሉም፤ ኖረውም አያውቁም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ የሚሃኖች ልብስ እንዳይነካቸው ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ ፊት የሚቀመጡ ጨዋ ቤተሰብ ነበሩ አሉ። የድንጋይ ቤት ያላቸው። አሁን የዘር ልጃቸው፣ ባለ ባርኔጣው፣ መድረክ ላይ ወጥተው «አያቶቼ ባርቲን በገዛ ቤታቸው ሸሽገው አኑረውታል» ሲሉ ዊኒ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ግሌኒስ፣ እንዴት አድርገው ቢሸሽጉት ነው ፖሊስ እንዲህ በቀላሉ ያገኘው?» ካካካ!

ባርቲ ሊሰቀል ሲል፣ እስር ቤት ቁጭ ብሎ ከባሕር ዛፍ ሥር እንጨት አንዲት ፒፓ ቀረጸ። ለእህቱ ላካት። ትምባሆ መክተቻዋ ላይ የወፍ ክንፍ አለባት፤ አንደኛው ክንፍ አልተጨረሰም፣ ጊዜው አልበቃው ይሆናል። እሱን ራሱን እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ኖራ ነስንሰው ቀበሩት፤ ድንጋይ የለው፣ መስቀል የለው። በኋላ እላዩ ላይ መኪና ማቆሚያ ተሠራ። ስለዚህ የባርቲ መቃብር ያቺ ፒፓ ናት። ዊኒ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በሕፃን ፎጣ ጠቅልላ ነበር የምታኖራት። የተሰቀለበት ቀን ሲመጣ ታወጣትና ከንፈሯ ላይ ታደርጋታለች። አታጨስባትም። ትይዛታለች፣ በቃ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የኛ ትልቅ ሰው ብልኅነት የሚመጣው!

ጂኦካሽ የሚሉትን ጨዋታ ታውቂ የለ? እኔ ሲያስረዱኝ መጀመሪያ እያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው የምሳ ዕቃ ያህል ሳጥን ወስዶ ድንጋይ ሥር ይደብቃል። ከዚያ ቦታውን በኢንተርኔት ላይ ለዓለም ሁሉ ይናገራል። እንዴ፣ ልትናገረው ከሆነ ለምን ደበቅኸው? ብቻ ሰዉ ስልኩን ይዞ ይወጣል፤ ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት «ግራ፣ ቀኝ፣ ትንሽ ወደፊት» እያለ ይመራዋል፤ ሳጥኑን ሲያገኘው ስሙን ይጽፍና መልሶ ይደብቀዋል። ውስጡ ትናንሽ ዕቃ አለ፤ ብይ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ የልጅ መጫወቻ። ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ካነሣሽ፣ አንድ ነገር ታስቀምጫለሽ። የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ሕግ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ለማወቅ ጊዜ የለውም። አይፈረድባቸውም።

እሳቸውም «የሽፍታው ዋሻ» ብለው አንድ ሳጥን ሊደብቁ ተነሡ። ቱሪስት ይመጣል፣ ዳቦ ቤቱ ይሸጣል፣ የከተማችን ስም ይጠራል። እኔም ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ፣ አልክድም። ከዚያ ዊኒ ዘንድ ሄዱ። ሻይዋን ጠጡ። የዱባ ዳቦዋን በሉ፣ ደገሙ፣ የተረፈውን በወረቀት ይዘው ሄዱ፤ ታሪክ ያስርባል መሰለኝ። «ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ፒፓዋን ለአንድ ፎቶ ብቻ። እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ» አሏት። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ዊኒ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ፎጣውን ፈታችና ፒፓዋን በሁለት እጇ አስያዘቻቸው። «አደራ» አለቻቸው።

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ምስኪኖች! ሳተላይት መች ነበራቸው? ዛሬማ ሰማዩ ቅርብ ሆኖ አደራው ራቀ።

ፎቶውን አነሡ፣ አላነሡም አልልም። የሚያምር ፎቶ ነው፣ ፎጣው ላይ አለልሽ። ግን እንዲህ ያለ ሰው በፎቶ ይረካል? የመክፈቻው ቀን የወረዳችን ሹም ትመጣለች፣ ጋዜጠኛ ይመጣል። በእነሱ ፊት ሳጥኑ ሲከፈት፣ እውነተኛዋ የባርቲ ፒፓ ብቅ ስትል… አይታይሽም? እሳቸው ታይቷቸዋል። አርብ ዕለት ብቻቸውን ኮረብታው ላይ ወጡና ፒፓዋን ሳጥኑ ውስጥ አኖሯት። በኢንተርኔቱም ላይ «ውስጡ የሽፍታው የገዛ ንብረት ይገኛል» ብለው አወጁ።

ጥንቃቄ ግን አድርገዋል! አለማድረጋቸውን የሚያወራ ምላሱ ይቆረጥ። «ለማየት ብቻ፤ አይነሣም» የሚል ማስታወቂያ ከፒፓዋ ጋር አስቀምጠዋል። እንዴት ያለ ማስታወቂያ! ወረቀቱን በሻይ አቅልመው፣ ጠርዙን በእሳት ለብለብ አድርገው፣ በቀለም እየነከሩ በጥንት ብዕር፣ በንግሥቲቱ ዘመን ቁም ጽሕፈት፣ ጭራው እየተጠማዘዘ… ፊደሉ ሐረግ ይመስላል። ሰው ቁጭ ብሎ ሦስት ቀን ቢያየው አያነብበውም። እኔስ አልተማርኩም፤ ቄሱ ሞክረው አቃታቸው። የወረዳዋ ሹም «የዋሻው ካርታ ነው?» ብላ ጠየቀች።

የዚህ ጨዋታ ሰዎች ደግሞ አዲስ ሳጥን ተደበቀ ሲባል ቋሊማ እንደሸተተው ውሻ ናቸው። ቀድሞ የደረሰ ስሙ ይወጣለታል። ለዚያ ሲሉ ገደል ይወጣሉ።

እሑድ ሆነ። ከተማው ነቅሎ ወጣ። ዊኒን ሁለት በግ ሸላቾች ከነወንበሯ አንሥተው ኮረብታው ላይ አወጧት፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን እኔ ነኝ የሠራኋት። እሳቸው አለት ላይ ወጡና ንግግር ጀመሩ። ንግግር ነው የምልሽ! ባርቲ ተወለደ፣ ባርቲ አደገ፣ «እኛ» ሸፈትን፣ አያቶቻቸው ሸሸጉት… አንዲት አሮጊት ጥላ ሥር ሄዳ እንቅልፏን ጨርሳ ስትመለስ ባርቲ ገና አልተያዘም ነበር። በመጨረሻ «እነሆ፣ ባርቲ በእጁ የቀረጻት!» ብለው ሳጥኑን ብድግ፣ ክዳኑን ክፍት።

ዳክዬ።

ቢጫ የላስቲክ ዳክዬ ታምሲን! ጥቁር መነጽር ያደረገች! ካካካካ… ቆይ… ቆይ ልተንፍስ… እኚያ ያለ ውኃ ግማሽ ቀን የሚናገሩ ሰው ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ። ዳክዬዋን አዩ። ዳክዬዋም አየቻቸው። መነጽር ስላደረገች ምን እንዳሰበች ግን አይታወቅም። ከዚያ የወረዳዋ ሹም ቀስ ብላ፣ በጨዋ ድምፅ፣ «ባርቲ… ዳክዬ ይወድ ነበር?» አለች።

ሸላቾቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽሽ። አንድ ሰው ብቻ ነው ያልሳቀው። ከወንበሯ ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ሳጥኑን አየች። «ፒፓዬስ?» አለች። እሳቸውም እንደ መሪ አልደነገጡም፤ «ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ቅርሱ ለጊዜው… ተዘዋውሯል» አሏት።

ተዘዋውሯል! የተማረ ሰው ቃል እንዴት ደስ ይላል! አንቺና እኔ ብንሆን «ጠፋ» ነበር የምንለው።

በኋላ ኢንተርኔቱን ሲከፍቱት ሁሉም ነገር በግልጽ ተጽፏል። የሚዞር ቤት በመኪና እየጎተቱ አገር የሚያዩ ባልና ሚስት፣ ከነልጆቻቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ነበር። ራሳቸውን በዚያ ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ስም «ደስተኞቹ ዎምባቶች» ይላሉ። «ግሩም ቦታ! ፒፓዋን ወስደን ዳክዬ ትተናል። ስለ ሳጥኑ እናመሰግናለን!» ብለው ጽፈዋል። እንዴት ያሉ ጨዋዎች! ሌባ ብትያቸው ኃጢአት ነው፤ አንሥተዋል፣ አስቀምጠዋል፣ አመስግነዋል። የዚህ ነገር ድንቁ እኮ እሱ ነው፣ ታምሲን። ቢፈለግ ቢፈለግ ሌባ የለበትም። ሌባም የለ፣ ፒፓም የለች።

ዎምባቶቹ ዘንድ ተጻፈላቸው። እነሱ ደግሞ ምን አሉ? እዚያ ሩቅ፣ ኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር ደርሰው፣ በአንድ ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ጀርባ ባለ ሳጥን ውስጥ ትተዋታል፤ ጨዋታው እንዲህ ነው፣ ዕቃ ከሳጥን ሳጥን ይዞራል። እዚያ ሲጠየቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ የቢራ መክፈቻ ትቶ ወስዷታል። ዓሣ አጥማጁ ባሕር ዳር ባለ ሌላ ሳጥን ውስጥ አኑሯታል። ከዚያ ሳጥን ያነሣት ሰው… ስሙን እንኳ አልጻፈም።

እስቲ ፍረጂኝ! ባርቲ ዕድሜ ልኩን ከወንዛችን ማዶ ተሻግሮ አያውቅም። ፖሊስ መንገዱን ሁሉ ዘግቶበት በረሃብ እንጨት ሲያኝክ ነው የኖረው። አሁን በእኚህ ሰው ደግነት ሀገር ጎበኘ! ነዳጅ ማደያ አየ፣ ባሕር አየ! እንዲህ ያለ ነጻ አውጪ ከየት ይገኛል? ያኔ አንድ ሰው ጥቆማ ሰጠበት፣ ታሰረ፤ አሁን ደግሞ አንድ ሰው ጥቆማ ሰጠበት፣ ነጻ ወጣ። ደም ይስባል የሚባለው እውነት ነው… የማን ደም እንደሆነ አላልኩም። ቋሊማውን ገልብጪልኝ፣ እያረረ ነው።

መጠጥ ቤት የሚቀልዱትን ባትሰሚው ይሻልሻል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉትን ለውጠው፣ «ሳተላይት አለኝ በሰማይ፣ ፒፓዋንም አላይ» እያሉ ብርጭቆ ያጋጫሉ። ባለጌዎች! ትልቅ ሰው አያከብሩም። እኔማ ሲሉ ሰምቼ ተቆጣኋቸው። ሁለተኛ እንዲደግሙት ያደረግሁትም በደንብ ስላልሰማሁ ነው።

እሳቸው ግን ይህ ሁሉ አይበግራቸውም። በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ቆመው «ዘንድሮ ቅርሳችን ወደ ሰፊው ሕዝብ ደርሷል» ብለው ሪፖርት አደረጉ። ምን ውሸት አለው? አንዲት ቃል ዋሽተው ከሆነ አፌ ይጣመም። ተጨበጨበላቸው። አሁን ደግሞ ሥራውን ሊያሰፉት ነው፤ ስድስት ሳጥን፣ ስድስት ቅርስ። ለዚህ ነው የአባትሽ ሰዓት ያስፈለገው። ቆሟል ብለሽ አትጨነቂ የኔ ቆንጆ። በሳቸው እጅ የገባ ነገር አይቆምም፤ ይጓዛል። የተማረ ይግደለኝ ይላል ሰው፤ እኔም እስማማለሁ፣ ይግደለኝ። ዕቃ ብቻ አያስቀምጥልኝ።

… ምን ፈለግሽ እሜቴ? ቋሊማ ያለ ዳቦ? እሺ፣ ይኸው። እግዜር ይስጥልኝ።

ዊኒ? … ዊኒማ ደኅና ናት። ምን ትሆናለች። ቀትር ላይ ምሳ ይዤላት ስሄድ በረንዳው ላይ አገኛታለሁ፣ የብስኩት ቆርቆሮው ጭኗ ላይ። ትከፍተዋለች። ፎጣውን ታወጣለች፣ ትዘረጋዋለች፣ አጥፋ መልሳ ትከተዋለች፣ ክዳኑን ትገጥማለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት፣ «አየር ላስገባለት ብዬ ነው» ትለኛለች። ባርቲ የተሰቀለበት ቀን ሲደርስ ደግሞ እንደ ወትሮው ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች፤ ተቀመጠች፤ እጇን ወደ ከንፈሯ ወሰደችና… መለሰችው። በቃ። ዘጠና ዓመት «ሌሎቹ ሚሃኖች» ስትባል የኖረች ሴት፣ የራሷ የምትለው የሞተ ሰው አንድ ብቻ ነበራት።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ እሳቸው የመጡት። ይኸው ደረስንልሽ፣ ዋናው ይሄ ነው።

እኔ የዊኒን አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። በሩን ከፍተው ገቡ፤ ባርኔጣ በእጅ፣ በብብታቸው ጥቅል። ዊኒ ብድግ ልትል ስትል «አይነሡ፣ አይነሡ፣ በሞቴ» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ጽጌረዳቸው አወሩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ሲመጣ ሲመጣ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ከአንሶላው ጀርባ ሆኜ ይታየኛል። በመጨረሻ ጥቅሉን ፈቱት። ፒፓ! አዲስ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ክንፍ የተቀረጸባት፤ ሁለቱም ክንፍ ያለቀለት። ከፎቶው አስመስለው በማሽን አስቀርጸዋት ነው። «ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ በመንፈስ ያችው ናት» አሉ። «እንዲያውም ይህቺ የተሟላች ናት።»

ዊኒ ተቀበለቻቸው። ገለበጠቻት። በአውራ ጣቷ ሁለተኛውን ክንፍ ዳሰሰችው፣ ያን ባርቲ ለመጨረስ ጊዜ ያልበቃውን። አሸተተቻት፣ የቀለም ሽታ ነው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ መልሳ እጃቸው ላይ አኖረችላቸውና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችባቸው። እኔ አንሶላውን ነክሼ ቆምኩ። ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ ወይ ታለቅሳለች። እሷ ግን ፈገግ አለች። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰለሽ፣ የቅዱሳን ሥዕል ላይ ያለውን!

«ልጆችህ ደኅና ናቸው?» አለቻቸው።

«ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱም ሲድኒ ናቸው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«ይመጣሉ?»

«ገና… ለገና አንዳንዴ።»

ዊኒ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደሚያዝንላቸው ሰው። ያቺን የከሳች እጇን አንሥታ ጭንቅላታቸው ላይ ጫነቻት። እኚህ ሰው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ቆራቢ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ደፉላት። ይቅር የተባሉ መሰላቸው፤ እፎይ ሲሉ እስከ ልብስ ማስጫው ድረስ ተሰማኝ። እሷም ያን ለስላሳ ድምፅዋን ይበልጥ አለስልሳ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለቻቸው፦

«እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ እኔ ያየሁትን ዕድሜ ሁሉ ያሳይህ። ጉልበትህ ዝሎ፣ ዓይንህ ፈዝዞ፣ አንሡኝ አስቀምጡኝ የምትል የሰው እጅ ጠባቂ በሆንክ ቀን… ልጆችህ አንተን፣ አንተ የኔን አደራ በያዝክበት እጅ ይያዙህ። አሜን በል እንጂ!»